ሳይናገር ያቀበለው ጠርሙስ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ። እናትየው ከሥራ ተቀነሰች። ልጁ ሳል ይዞት ከትምህርት ቀረ። ዝናቡ ሲያባራ እናትየው የአውቶቡስ ሹፌር አገባች። ለልጁ ከሁሉም የከፋው ይኼኛው ነበር።

እናቱ መሳቅ ጀመረች። ሹፌሩ የማያስቅ ቀልድ ሲያወራ እንኳ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጠዋት መጀመሪያ የምትተኩሰው የእሱን ሸሚዝ ነው፤ የልጁ ዩኒፎርም ተራ ይጠብቃል።

ዛሬ የሹፌሩ ጉንጭ አብጧል። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእንጀራ አባቱ አውቶቡስ ስለሆነ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ዴፖ በር ድረስ አብረው መጡ።

«ጎረምሳው፣ እስቲ ከዚያ ፋርማሲ የአፍ መጉመጥመጫ አምጣልኝ። ይኼ ጥርስ ዛሬ መሪውን ሊቀማኝ ነው።»

ጠርሙሱ ላይ በደቃቅ ፊደል «አልኮል አለው» ይላል። ልጁ አነበበው። ሹፌሮች ከመውጣታቸው በፊት ጠጥተው እንዳይሆን ትንፋሻቸው እንደሚለካ ያውቃል። ምንም ሳይናገር አቀበለው። ሹፌሩ እዚያው ተጉመጠመጠ፤ ጠርሙሱን መለሰለትና ወደ መለኪያ ክፍሉ ገባ።

ልጁ በተከፈተው መስኮት አየ። ሹፌሩ መለኪያው ውስጥ ነፋ። ትንፋሽ የምትለካው መርማሪ ቁጥሩን ተመለከተች።

«ጠጥተሃል?»

«እኔ? ሠርጌ ላይ እንኳ ለስላሳ ነው የጠጣሁት።»

«መሣሪያው እንደዚያ አይልም።»

የስምሪት ኃላፊው የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበለው። «ሕጉን ታውቀዋለህ። ከሥራ ያስወጣል።»

እናቱ ሰካራም ቤቷ እንደማታስቀምጥ በገዛ አፏ ተናግራለች። ቤቱ እንደ ድሮው የሁለት ሰው ይሆናል። ልጁን ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሹፌሩ ባዶ እጁን እያየ፣ «አሁን እቤት ምን ብዬ ልገባ ነው?» አለ። ልጁ በሩን ገፋ።

«እሳቸው አልጠጡም። አሁን በዚህ ተጉመጥምጠው ነው።»

መርማሪዋ ጠርሙሱን አገላብጣ አነበበች። «ይኼ አፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቶሎ ይጠፋል። ደም ውስጥ የገባ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ተቀመጥ፣ ምንም እንዳትቀምስ። ቆይተን እንለካሃለን።»

ሁለቱ አግዳሚው ላይ ጠበቁ። ሹፌሩ እንደገና ሲነፋ መለኪያው ዜሮ አሳየ። ኃላፊው ቁልፉን መለሰ።

«አዳንከኝ» አለ ሹፌሩ፣ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ የልጁን ትከሻ ይዞ። «ማታ ለእናትህ ስነግራት በኩራት ራት አትበላም።»

ልጁ ማታውን አሰበው። እናቱ እሱን እያየች ስትስቅ ታየው። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

«ሳመጣልዎት አንብቤው ነበር።»

ሹፌሩ ቆመ። «አልኮል እንዳለው?»

«አዎ።»

ሹፌሩ እጁን ከትከሻው አነሳ። አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አስነሳ።

«ለእናትህ ማን ይንገራት?» አለ።

«እኔ» አለ ልጁ።