ዳክዬዋ የቆጠረቻት ሰባተኛዋ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ የማወራው ያየሁትን ነው። ነገሩ የሆነው በሌሊት አይደለም... እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታው ነው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ነው ልጅ ያሳደግኩት። አሮጊት ናት፣ ዓይኗ ደክሟል የሚል ካለ መርፌ ይዞ ይምጣና ማን ቀድሞ ክር እንደሚያስገባ እንተያይ።

ልጄ ስለ አንድ የካርቱን ፊልም ስትነዘንዘኝ ኖራለች። ዳክዬ ስድስት ልጆችን እየቆጠረች ድልድይ ታሻግራለች። ከእኩዮቿ አንድም የሚያስታውሰው የለም።

"እማዬ፣ አንቺ ስትሰፊ ከሥርሽ ቁጭ ብዬ አየው ነበር እኮ።"

"በሕልምሽ ነው" እላታለሁ።

ዋሽቻታለሁ።

ልጄ አምስት ዓመት የሞላት ሰሞን ዳክዬዋ ስድስት ቆጥራ አልተሻገረችም። ቆመች... ዞራም ልጄን አየቻት።

ሶኬቱን ነቀልኩት። የፊልሙን ካሴት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን ሰፍቼ፣ ሣጥን ሥር ቀበርኩት።

የዚያን እሁድ ጓዳ ሆኜ የዳክዬዋን ዘፈን ሰማሁ።

ሮጬ ሳሎን ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። የልጅ ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ የሰፋሁላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች።

"በሕልምሽ ነው አላልሽኝም? ሣጥን ሥር አገኘሁት፣ አንቺ ዋሾ።"

"አጥፊው።"

"ድልድዩ ጋ ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረው።"

"አጥፊው አልኩሽ፣ አንቺ ደንቆሮ።"

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት።

ዳክዬዋ ቆመች።

"እማማ" አለች የልጅ ልጄ በሹክሹክታ፣ "ለምንድነው እኔን የምታየኝ?"

ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

አልጠፋም።

"ሰባት" አለች ዳክዬዋ።

ከስድስቱ ኋላ አንዲት ልጅ ገባች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ቀሚሷ ቢጫ ነው። የግራ እጅጌው ከቀኙ ይረዝማል።

ጨርቁን ስቆርጥ ስቼ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገ አሳጥረዋለሁ እያልኩ ነበር።

ወደ ምንጣፉ ዞርኩ... ማንም የለም። በእጄ ብነካው የተቀመጠችበት ገና ይሞቃል።

ልጄ ከሶፋው አልተነሳችም። "እማዬ... ስድስት አልነበሩም እንዴ?"

ፖሊሶች መጡ፣ ቤቱን በረበሩ። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር።

ካሴቱን አላቃጠልኩትም። እንዴት አቃጥለዋለሁ? እሷ እዚያ ውስጥ ናት።

በየእሁዱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የተነቀለው ቴሌቪዥን በራሱ ይበራል። ከፊቱ ቁጭ እላለሁ። መጨረሻ ላይ ታልፋለች። ስጠራት አትዞርም።

ባለፈው እሁድ ተጠግቼ አየኋት።

የግራ እጅጌዋ አጥሯል። ጫፉ ታጥፎ ተሰፍቷል... ጥንቅቅ ተደርጎ።

ስፌቱ የእኔ አይደለም።