መግቢያ ብቻ

እንድሪስ የጌም ምስል የምትቀዳውን ትንሿን ካፕቸር ካርድ በሱቁ የመስታወት ባንኮኒ ላይ አስቀመጠና ሌላዋን ከስልኩ በፎቶ ለኖላዊ አሳየው።

"ይቺ መግቢያ ብቻ ነው ያላት" አለ። "የጌሙ ምስል በኬብል ይገባና ኮምፒውተርህ ላይ ይቀራል። ያቺኛዋ መውጫም አላት፤ ምስሉን ለኮምፒውተሩ እየቀዳች ወደ ቴሌቪዥንም ታሳልፋለች። እሷን ካልክ ግን ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት ትታገሠኛለህ።"

ኖላዊ ሁለት ሳምንት አልነበረውም። አንድ ጣቢያ የጌም ውድድሮችን በአማርኛ የሚተርክ ሰው ይፈልጋል፤ እየተጫወቱ የተረኩበት የአሥር ደቂቃ ቅጂ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ፊት ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሱቅ ሄዶ "ስኳር" እስኪል ድረስ ሻጩ ሌላ ሰው አስተናግዶ ይመለሳል። ብቻውን ተቀምጦ ሲጫወት ግን ቃሉ ሳይደናቀፍ ይወርዳል። በዚህ አንደበት እንጀራ የሚበላበት ሥራ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ይ... ይዘገያል?" አለ።

"ግማሽ ሰከንድ ያህል። እጅህ ይቀድማል፣ ምስሉ ይከተላል። ኳስ አትጫወትበት እንጂ ለዝግተኛ ጌም ምን ይልሃል።" እንድሪስ ሳቀ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትቸኩለው?"

ኖላዊም ሳቀና መግቢያ ብቻ ያላትን ይዞ ወጣ።

የሚኖረው ሆጤ ሰፈር፣ ከእትዬ አሰገደች ቤት በተከፈለች አንዲት ክፍል ነው። በእሱና በእሳቸው መኝታ መካከል ያለው ግድግዳ ሳንቃ ስለሆነ ሲያስሉ፣ ሲገላበጡ፣ በዳበሳ ኩባያ ሲፈልጉ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ከክፍሏ በር በላይ የሟች ባለቤታቸው የአቶ ጥሩሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባርኔጣ ደፍተው፣ ረጅም ካፖርት ለብሰው ቁልቁል ያያሉ። ክፍሏን የተከራየ ዕለት ፎቶውን ያወርደው እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር።

"ተወው" ነበር ያሉት። "እሱ ማንንም አያስቸግርም።"

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞላው። ኖላዊ በሩን ቀረቀረ፣ የላፕቶፑን ካሜራ እንደ ልማዱ በፕላስተር እንደተሸፈነ መሆኑን አየ፣ ኬብሉን ከፕሌይስቴሽኑ ወደ ካርዷ፣ ካርዷንም ወደ ላፕቶፑ ሰካና መተረክ ጀመረ። ጌሙ አንዲት ሴት ፋኖስ ይዛ በባዶ ከተማ የምትሄድበት ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሻገር ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ድርግም ይላል፤ ያኔ እሱም ዝም ይልና የጣራው ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠበውን ጠል ያዳምጣል።

"ኖላዊ" አሉ እትዬ አሰገደች ከሳንቃው ወዲያ፣ "ገቡ?"

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሐሳባቸው እንደሚበታተን ጎረቤት ነግሮታል። ሰዓቱ አቶ ጥሩሰው ከሥራ የሚመለሱበት ይሆናል ብሎ አሰበ።

"አ... አልገቡም፣ እትዬ።"

"ጎሽ" አሉ።

ቅጂውን ከፍቶ ሲያይ ድምፁ ጥርት ብሎ ገብቷል። ጥቁር መሆን የነበረባቸው ቦታዎች ግን ጥቁር አልነበሩም፤ የራሱ ፊት፣ ከኋላው አልጋው፣ ከአልጋው ወዲያ የተዘጋው በር ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የስክሪኑ መስታወት እያንጸባረቀ ነው ብሎ ላፕቶፑን አዘነበለው። ምስሉ አልተነቃነቀም። ወደ ስልኩ ገልብጦ ግቢ ወጣና ጉሙ ውስጥ ቆሞ ከፈተው። በስልኩ ውስጥም ያቺው ክፍል ነበረች። በሁለተኛው ጨለማ በሩ ገርበብ ብሏል፤ በሦስተኛው ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩን ግን ገና አሁን፣ ሊወጣ ሲል፣ መቀርቀሪያውን ስቦ የከፈተው ራሱ ነው።

ለእንድሪስ ደወለለት።

"ካርድ ዓይን የለውም፣ ኖላዊ" አለ እንድሪስ፤ አሁን አልሳቀም። "በኬብሉ የገባለትን ነው የሚቀዳው።"

ሐሙስ ጠዋት ዕቃውን ተሸክሞ እንድሪስ ሱቅ ሊቀዳ ሄደ። እንድሪስ ራቅ ብሎ ፊቱን አዞረለት፤ ቢሆንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበርና ኖላዊ ሦስተኛው ቃል ላይ ታስሮ ቀረ። ከዚያች ክፍል ሌላ መናገር የሚችልበት ቦታ አልነበረውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ጀመረ። ያልነበረ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ የናፍታሊንና እርጥብ ሱፍ ሽታ፣ ሳጥን ውስጥ ዓመታት የከረመ ካፖርት ዝናብ ሲያገኘው እንደሚሸተው። ጨለማዎቹ ከትናንቱ የረዘሙ መሰለው።

"ገቡ?"

"ገ... ገና ናቸው፣ እትዬ።"

"በሩን ጠበቅ አድርገው እንግዲህ።"

በቅጂው የመጀመሪያ ጨለማ በሩ ላይ ባርኔጣ ይታያል። በሁለተኛው ባርኔጣው አልጋው አጠገብ ደርሷል። ከእሱ በስተጀርባ የበሩ ጨለማ ወፍሮ፣ እየተገፋፋ፣ ከመቃኑ ሰፍቶ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ግን የካርዷ ጥራት ማነስ ነው ብሎ አለፈው። ትረካው በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ያማረ ነበር፤ ሊልከው ግን እንዴት ይችላል? ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሳያጠፋ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አደረ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሊቀመጥ ሲል፣ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ባርኔጣው ያው ነው። የካፖርቱ ትከሻ ያው ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ነገር ግን መልክ ስላገኘ ትንሽ ቀለለው። የቤቱ ጌታ ናቸው፤ ወደ ገዛ ክፍላቸው ነው የገቡት፤ ማንንም አያስቸግሩም ተብሏል። ለፎቶው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና በሩን ቀረቀረ።

ሰባት ደቂቃ ያህል ሳይደናቀፍ ተረከ። ፋኖስ የያዘችው ሴት አንድ ደጃፍ ተሻግራ ስክሪኑ ሲጨልም፣ ባርኔጣው እዚያው ስክሪኑ ውስጥ ከቀኝ ትከሻው በላይ ታየው። አልዞረም። የናፍታሊኑ ሽታ ጉሮሮው ድረስ ገባ፤ ማጅራቱ ላይ እንደ ጓዳ አየር የቀዘቀዘ ትንፋሽ አረፈ፤ ከግራው ጆሮው ሥርም የሆነ ነገር ሲተነፍስ ሰማ። የመጫወቻውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። ጨለማው አልገፈፍ አለ።

"ኖላዊ" አሉ እትዬ አሰገደች። "ገቡ?"

ቢክዳቸው፣ አጠገቡ የቆሙት የሚቆጡ መሰለው።

"ገብተዋል፣ እትዬ" አለ። "አጠገቤ ናቸው።" ለሰው ሲናገር አንዲት ቃል ሳትታሰርበት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ በአፉ ሌላ ሰው የተናገረ ያህል ደነገጠ።

 ከሳንቃው ወዲያ የእትዬ አሰገደች በር መቀርቀሪያ ሲወረወር፣ ቀጥሎም አልጋቸው ወለሉን እየፋቀ ወደ በሩ ሲጎተት ሰማ። ሟች ባለቤታቸውን "እሱ" እንጂ አንቱ ሲሉ ሰምቷቸው እንደማያውቅ ያኔ ትዝ አለው።

እትዬ አሰገደች አፋቸውን ወደ ሳንቃው አስጠግተው፣ እንደ ማንሾካሾክ ባለ ድምፅ ጠየቁት፦ "ሁሉም?"