ገጽ አሥራ አራት በቃል

መምህርት ሐረገወይን ጎንደር ከተማ ቁስቋም አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ስልቷ አንድ ነው፤ እሷ ትላለች፣ ስልሳ ሁለቱ ልጆች ይቀበላሉ። መጽሐፉ በጩኸት ያልቃል። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው «እነዚህስ ተምረዋል» ይላል። የትኛው ልጅ ቃሉን እንደሚያይ፣ የትኛው ጣራውን እንደሚያይ ግን ማንም አይመለከትም።

ጎረቤት ክፍል የምታስተምረው ፍሬሰላም ካርቶን እየቆረጠች «ነው»፣ «ወደ»፣ «እና» የመሳሰሉትን፣ በየገጹ የሚመላለሱትን ቃላት ትጽፋለች። አደባልቃ ለአንድ ለአንድ ልጅ ታሳያለች፤ ልጁ ገና እንዳየው እስኪለየው ድረስ።

«ካርታ ታጫውቻቸዋለሽ እንዴ?» አለቻት ሐረገወይን አንድ ቀን። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

«አንች ደግሞ እስቲ ሌላ ገጽ ገልጠሽ ጠይቂያቸው።»

ሐረገወይን አልጠየቀችም። መልሱን ታውቀዋለችና ፈራች።

የወላጆች ቀን ዓርብ ከሰዓት ሆነ። ከወረዳ የመጡ እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። ሐረገወይን ከወለቃ መንደር በእግሯ የምትመላለሰውን የሰባት ዓመቷን ሚስጥርን አስነሣች። ሚስጥር ገጽ አሥራ አራትን ገልጣ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ «ላሟ ወደ ወንዝ ሄደች፤ ውሃ ጠጣች፤ ጥጃዋም ተከተለቻት» ብላ አንዴም ሳትደናቀፍ ተወጣችው። ተጨበጨበላት።

ከኋላ አባቷ አያ እንግዳው ተነሡ። ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው። ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጧት።

«ጧት የገባ መልእክት ነው፤ መተማ ለሥራ ከሄደው ከወንድምሽ ከአስናቀው። ብደውል አያነሣም። የልጄን ጉዳይ ጎረቤት እያስነበብሁ መኖር ሰልችቶኛል። በይ አንብቢልኝ።»

ሚስጥር ስልኩን ያዘች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ «ላሟ ወደ ወንዝ ሄደች...»

እንግዶቹ ሳቁ። አያ እንግዳው ግን ፊታቸው በራ። «ላም ገዛ ማለት ነው? ሸጋ ነው።»

ሐረገወይን ጠጋ ብላ አየች። «አባየ ታምሜያለሁ። መቆም አቅቶኛል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጎንደር መናኸሪያ እደርሳለሁ፤ ጠብቀኝ» ይላል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ለአባትየው በጆሯቸው ሹክ ብላ ብትሸኛቸው ስሟ አይነካም። ልጅቱ ግን አንባቢ ተብላ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች።

መልእክቱን በጆሯቸው አነበበችላቸው። ከዚያ ግን ቀና ብላ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«አያ እንግዳው፣ ልጅዎ ማንበብ አትችልም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኔ አስሸመደድኋት እንጂ አላስተማርኋትም።»

አያ እንግዳው ጋቢያቸውን ሰብስበው እየተጣደፉ ወጡ፤ በሩ ላይ ግን ዞር አሉ።

«ለእሱ እኔ እደርስለታለሁ። ለእሷ አንች ድረሽላት።»

ወገኖቼ፣ የልጅ አፍ ስለሮጠ ዓይኑ አነበበ ማለት አይደለም። ጭብጨባ ከማስቀደም አንዲት ቃል ለይቶ፣ ለብቻው መጠየቅ ይሻላል። ያን ጊዜ ማፈር ኋላ ከማልቀስ ያድናል።

ሚስጥር ታለቅሳለች። ሐረገወይን እንግዶቹን ትታ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ገጹን በመዳፏ ሸፍና አንዲት ቃል ብቻ አስቀረች።

«ይች ምን ትላለች?»

ልጅቱ ከመጀመሪያው ልትወጣው አፏን ከፈተች።

«ተይ፣ ይችን ብቻ።»

ሚስጥር ቃሏን ብዙ አየቻት። «አላውቃትም» አለች።

«እኔም ጠይቄሽ አላውቅም ነበር» አለች መምህርቷ።