የመጽሐፍ ጠራዡ ጣት

ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ተደፉ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ሻያቸው ውስጥ መርዝ አገኘና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ነው የሞቱት አለ። አጠገባቸው ያለው ኮምፒውተር ግን የተከፈተው አራት ሰዓት ላይ፣ ያውም በጣት አሻራ መሆኑን መዝግቧል። ትናንት ማታ ስለ ውርስ የጻፉት ደብዳቤም ከውስጡ ጠፍቷል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የመጥረዣ ቤቱን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ መስኮቱ በወረቀት ክምር ተደፍኗል። ውስጥ የቀሩት የሟች ባለቤት፣ የወንድማቸው ልጅና የአሻራ መቆለፊያውን ትናንት የገጠመው የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው።

«ቃላችሁን ጻፉ» አለች መርፌ።

የወንድም ልጅ በግራ እጁ እንደ ንፋስ ሞነጫጭሮ ቀድሞ ጨረሰ። «ምን ያደክመናል? መቆለፊያውን ያበጀ ሰው መክፈቻውንም ያውቃል!»

የባለሙያው ብዕር ወረቀቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ደንበኛው ጣታቸውን በፊቴ አስመዝግበዋል» የሚል ቅጽ ትናንት ፈርሟል፤ በፊቱ ግን አልነበረም። እውነቱን ቢያወጣ ከሥራው ይባረራል፤ ዝም ቢል ወኅኒ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ወደ ፊትም ገደል፣ ወደ ኋላም ገደል።

መርፌ የሟቹን እጅ አንስታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆዩ?»

«አርባ። ጣቱን ሙጫና ብርጭቆ ወረቀት በልተው ጨረሱት። መታወቂያ ሲያወጣ እንኳ አሻራው እምቢ ብሎ ስንት ቀን አመላልሶታል!»

መርፌ ወደ ባለሙያው ዞረች። «ታዲያ ያንተ ማሽን እንዴት እሺ አለ?»

ባለሙያው ቅጹን አሰበ፤ የተቆለፈውን በር አየ።

«እሺ አላለም» አለ በመጨረሻ። «ሠላሳ ጊዜ ሞከርን። ማሽኑ ‹ጣትዎን እንደገና ያስቀምጡ› ሲል፣ እሳቸው ‹ሌላ ከየት ላምጣ?› እያሉ ይሳደባሉ። ገመድ ላመጣ መኪናዬ ጋ ደርሼ ስመለስ ‹ገባ!› አሉኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ፈረምኩ።»

«ማን ነበር አብሯቸው?»

«ወንድሜ፣ አትዋሽ እንጂ!» ብሎ የወንድም ልጅ ብድግ አለ።

«ማንም አልከሰሰህም፤ ቁጭ በል» አለች መርፌ። «ሁላችሁም ጣታችሁን አስቀምጡ።»

ባለሙያው አስቀመጠ፤ ማሽኑ እምቢ አለ። እትዬም አስቀመጡ፤ እምቢ። የወንድም ልጅም የቀኝ ጣቱን ዘረጋ፤ እምቢ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መርፌ። «የሟቹ ጣት በሕይወትም ሆነ በሞት ይህን አይከፍትም። ስለዚህ ትናንት የተመዘገበው የሌላ ሰው ጣት ነው፤ ሽማግሌው ታክቷቸው ‹ያንተን አድርግና እንገላገል› ያሉት ሰው። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ውጭ ነበር። አንተ ደግሞ ቃልህን የጻፍከው በግራህ ነው። አሁን ያቀረብከው ቀኝህን ነው። ግራህ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

የወንድም ልጅ የግራ አመልካች ጣቱን አውጥቶ ማሽኑ ላይ አሳረፈ። ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ሐፍረት ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ሁሉንም ለሷ ሊሰጥ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «የደብዳቤው ስም ‹ለውድ ባለቤቴ› ነው የሚለው! ትናንት ማታ አይቼዋለሁ!»

«ከፍተህ አነበብከው?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ባለሙያው ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበ። ነፍሰ ገዳዩ ደብዳቤውን ጣለው እንጂ የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ አላጸዳም። መልሶ አወጣው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ውዴ፣ እኔ ካለፍኩ መጥረዣ ቤቱን ለልጁ ስጪው። ዛሬ እንኳ ጣቱን አውሶኛል።»

የወንድም ልጅ ግራ እጁን በቀኙ ያዘና ተቀመጠ። መርፌ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በሩን ከፈተች። ባለሙያው ሊወጣ ሲል ቅጹን ዘረጋችለት።

«ይኼን አስተካክለህ ጻፍ። አለቃህ ይቆጣሃል።»

«ይቆጣ» አለ ባለሙያው የውጭውን አየር በረጅሙ እየሳበ፤ ብዕሩንም ተቀበላት።