ከጥላው በስተግራ

ሠዓሊው በገዛ ሥዕሉ ሥር፣ በድንጋዩ ወለል ላይ ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጥሪው ሲመጣ መርማሪዋ አድራሻ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትናንት ማምሻውን እዚያው አዳራሽ፣ በሥዕሉ ምርቃት ላይ፣ ከተጋባዦቹ ጋር ቆማ አጨብጭባለች።

ሥዕሉ ግድግዳውን የሚሞላ ነጭ ሸራ ነው። ከታች አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩ ላይ የወንበር ጥላ አርፏል፤ ወንበሩ ግን የለም። ከጥላው በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ፣ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ አለች። ትናንት በምርቃቱ ንግግር ያደረጉት አንጋፋ ሐያሲ «ከጥላው በስተቀኝ የተንጠለጠለችው ነጥብ የሕልሙ በር ናት» ሲሉ፣ መርማሪዋ አንዲት ቃል ሳይገባት እንደ ሰው ሁሉ አንገቷን ነቅንቃለች። አሁን ያ ትዝ ሲላት ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አሉ የአዳራሹ ባለቤት።

«የወደቀ ሰው መሰላሉን አንስቶ አያቆምም፣ እትዬ።» ሠዓሊው የወደቀው በስተግራ ነው፤ መሰላሉ በስተቀኝ ቆሟል።

ባለቤቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ከተባለ... ትናንት ከእህቱ ጋር ተጣልተዋል። ‹ካልተናገርክ ወንድሜ አይደለህም› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአዳራሹ ቁልፍም አላት።»

በሩ ላይ የነበሩት ፖሊሶች ይህን ሰምተው፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምታለቅሰውን እህቲቱን ሊወስዷት ተነሡ። ወንድሟን ሳትቀብር እስር ቤት ልትገባ ነው። መርማሪዋ «ቆዩ» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን እንዲናገር ነበር?»

«ነጥቧ የኔ አይደለችም ብሎ! ወንድም ጋሼ ነጭ በነጭ ላይ ሲደራርብ ይከርማል፤ ጥላውን ግን በአንድ ትንፋሽ ይሥለዋል። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አያነሳም። ቀይ ከየት መጣ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ይሉኝታ ነዋ! ሽማግሌውን ሐያሲ በሰው ፊት ማዋረድ ከበደው። ‹ጠዋት ቀስ ብዬ አጠፋታለሁ፤ እሳቸውንም በስልክ አስረዳለሁ› አለኝ።»

ሐያሲው ተጠርተው መጡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወንበር ፈለጉ።

«መነጽር አያደርጉም፣ ጋሼ?»

«ለንባብ ብቻ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እዚህ ግን ከትናንት ወዲህ እግሬ አልረገጠም።»

መርማሪዋ መሰላሉ ላይ ወጣች። ነጥቧን ስትነካት ጓንቷ ቀላ፤ ገና አልደረቀችም። ከዚያ ጉንጯን ከሸራው ጋር አስተካክላ በጎን አየች። ከጥላው በስተግራ ነጩ ቀለም ተፍቆ ሳስቷል፣ የቀለም ማስለቀቂያም ይሸታል። የማስለቀቂያው ጠርሙስ መሬት ላይ ክፍት ነው። የተጠረገበት ጨርቅ ግን የለም።

ሦስቱንም ሥዕሉ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሠዓሊው ዛሬ ጠዋት ነጥቧን ጠርጓል፤ በስተግራ ነበረች። ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው መሰላሉን አዙሮ፣ በጠፋው ጨርቅ ላይ በቀረው ቀይ አዲስ ነጥብ በስተቀኝ ሠራ። እህቱ ነጥቧ እንድትጠፋ ነበር የምትፈልገው። እትዬ፣ እርስዎስ?»

ባለቤቲቱ እጃቸውን ከቀሚሳቸው እጥፋት ውስጥ ደበቁ። «ሥዕሉ ሲሰቀል የጥፍር ቀለሜ አልደረቀም ነበር። ‹ቀና አድርጉት› ብዬ ስጠቁም ነካሁት። ኋላ እሳቸው የሕልም በር ሲሏት በምን አፌ ልናገር? አፈርኩ!»

«በገዛ ጣትዎ ስለነኩት በስተግራ መሆኗን ያውቃሉ። ቀኝ ያደረጋት ነጥቧን ከነጭራሹ ያላያት ሰው ነው። ትናንት ‹በስተቀኝ› ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሥዕሉ ፊታችን ነበር፤ አንድም ሰው አላረመዎትም። እኔም አላረምኩም፤ እንደ ሌላው ሳላይ አጨበጨብኩ።» ወደ ሐያሲው ጠጋ አለች። ቀጥላም «ኮትዎ ማስለቀቂያ ይሸታል» አለች።

ሐያሲው ከኪሳቸው ቀይ የነካው ጨርቅ አወጡ።

«አንዲት ሴት ‹ቀይዋ ነጥብ ደስ ትላለች› ስትል ሰማሁ። እኔ ያለ መነጽር ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ። በስተቀኝ አልኩ፣ አፌ እንዳመጣልኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው! ጠዋት ሠዓሊው ‹ነጥቧን ላጠፋት ነው› ብሎ ደወለልኝ፤ ሮጬ መጣሁ። ስደርስ ጠርጎ ጨርሷል። ውረድ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅኩት... ለማስፈራራት እንጂ...»

«ሲወድቅ ወዲያው ሞተ?»

ሐያሲው ጨርቁን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «ይተነፍስ ነበር።»

«እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ነጥቧን መለስኩ።»

ባለቤቲቱ ፊታቸውን ሸፈኑ። ፖሊሶቹ ሐያሲውን ይዘው ወጡ።

እህቲቱ ነፃ መሆኗ ሲነገራት አላመሰገነችም። መርማሪዋን ትክ ብላ አየቻት።

«ትናንት እርስዎም ነበሩ ለካ። ወንድም ጋሼ ንግግሩን አልነበረም የሚሰማው፤ የእናንተን ፊት ነበር የሚያየው። ‹አንድ ሰው እንኳ የሸራውን ግራ አይቶ ፊቱን ካጨማደደ፣ እሱን ተማምኜ እናገራለሁ› ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ፊታችሁን አንድ በአንድ አየ።»

መርማሪዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «እኔንም?» አለች።

«እርስዎ ጋ ሲደርስ ቆየ» አለች እህቲቱ። «ያን ጊዜ ነው ያጨበጨቡት።»