ወደ አልባራሲን ቁልቁል

«ዛሬ አንቺ ምሪ» አላት አባቷ። «እኔ ከኋላሽ እከተላለሁ።»

ኤልቪራ ማርሹን አከበደችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው። መንገዱ ከወንዙ ጋር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ቀይ ቋጥኝ ነው፤ ከቋጥኙ አናት ላይ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ለጠዋት ፀሐይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መኪና የሚባል የለም። በዚህ መንገድ ላይ እሁድ ጠዋት የሚሰማው የጎማና የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ኩርባው ላይ ፍሬን ሳትይዝ ስታልፍ ከኋላዋ አባቷ በፉጨት አደነቃት።

ይህን ቀን ከበረዶው ወራት ጀምራ ስትጠብቅ ነበር። አባቷ ራሚሮ ከእናቷ ተለያይቶ ወደ ሳራጎሳ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይደውላል፤ ለልደቷ ስጦታ ይልካል። «በረዶው ሲቀልጥ እስከ አልባራሲን አብረን እንነዳለን» ይላል። በረዶው ይቀልጣል፤ አንድ ሥራ ይመጣበትና ይቀራል። ዘንድሮ ግን መጣ።

መኪናውን አልባራሲን አቁሞ ዳገቱን በፔዳል ወጥቶ፣ ከመንደራቸው ከካሎማርዴ መውጫ፣ ከመቃብሩ አጥር አጠገብ ነበር የጠበቃት። ላቡ ገና አልደረቀም።

«ለምን ቤት አልመጣህም? እማዬ እኮ ቁርስ ሠርታ ነበር» ስትለው፣

«በጠዋት ላስቸግራት አልፈለግሁም» አለና ከኪሱ አዲስ የብስክሌት ጓንት አውጥቶ ሰጣት።

ጓንቱ ልክክ አለ። የእጇን መጠን አለመርሳቱ ደስ አላት፤ ሌላ ሌላውን አላሰበችውም።

ሮዩኤላ መንደር ሲደርሱ የሴፌሪኖ ቡና ቤት ቆሙ። ሴፌሪኖ የሸለቆውን ሰው ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ የሚያውቅ ወፍራም ሽማግሌ ነው።

«ይቺ የኑሪያ ልጅ ናት እንዴ?» አለ ዳቦ እየጠበሰ። «እግሯን እዩልኝ፤ ፈረስ ሆናለች።»

«ፈረስ ይሻላል» አለች ኤልቪራ። «አንተማ እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ሥር ሰደሃል፣ ጋሽ ሴፌሪኖ።»

ሽማግሌው ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ዳቦውን ቲማቲምና የወይራ ዘይት አድርጎ አቀረበላቸው። ለራሚሮ ቡና ሲቀዳለት ጨዋታውን ቀጠለ።

«እነዚያ የቫሌንሲያ ባልና ሚስት ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ምሳ በሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። ሴትዮዋማ ስለ ቤታችሁ አውርታ አትጠግብም። ወጥ ቤቱን አፍርሳ ልታሰፋው አስባለች። በመስከረም ነው አይደል የሚገቡት?»

ራሚሮ ስኒውን አስቀመጠ። «ሴፌሪኖ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሽማግሌው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየ። ከዚያ ጨርቁን አነሳና የተወለወለውን ባንኮኒ መልሶ መወልወል ጀመረ።

ኤልቪራ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ሴፌሪኖ ካወቀ ዳቦ አመላላሹ ያውቃል፤ ፖስተኛው ያውቃል፤ በሸለቆው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እናቷ ብቻ ናት። ግማሹን ዳቦ ሳህኑ ላይ ትታ ወጣችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ከሮዩኤላ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው። በወንዙ ዳር ረጃጅም ዛፎች ተሰልፈዋል። ባላት አቅም ሁሉ ፔዳሉን ረገጠችው። አባቷ ስሟን ደጋግሞ ጠራ፤ ዘወር አላለችም። ድልድዩ ጋ ደረሰባት።

«ኤልቪ፣ ቀስ በይ እንጂ።»

«የማንን ቤት ነው የሸጥከው?»

«ልነግርሽ ነበር። አልባራሲን ደርሰን፣ ምሳ እየበላን፣ ተረጋግተን…»

«የማንን ቤት አባዬ?»

«የእናቴን ቤት። ለእኔና ለአክስትሽ ለሮሳሊያ ነው የተወችልን፤ ታውቂያለሽ።» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ገና አልተፈረመም። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«እኛስ የት እንግባ?»

«ቴሩኤል። ከተማ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። የወጣቶች የብስክሌት ቡድን አለ። እንዳንቺ ዓይነት ልጅ እኮ ካሎማርዴ ውስጥ ተቀብራ መቅረት የለባትም።»

«እማዬ ታውቃለች?»

ሜዳ ላይ፣ ምንም ሳያስፈልገው ማርሽ ቀየረ።

«አንቺ ብትነግሪያት ነው የሚሻለው» አለ። «እኔ ስነግራት መጮህ ነው የሚቀናት። አንቺን ግን ትሰማለች።» ትንሽ ነዳና ጨመረበት፤ «የአክስትሽ ሐሳብ ነው በያት። ሮሳሊያ እንደሆነች ሩቅ ናት፤ ምንም አይመስላትም።»

«የአክስቴ ሐሳብ ነበር?»

«እንደዚያ ቢባል ለሁላችንም ይቀላል።»

ኤልቪራ መሪውን የጨበጡትን እጆቿን አየች። ቁልቁለቱን እንድትመራ ማድረጉ፣ ፉጨቱ፣ ጓንቱ፣ ሁሉም ለዚህ ነበር። ከመቃብሩ አጥር አጠገብ የቆመበትም ምክንያት አሁን ገባት። ቤት ቢመጣ ኖሮ እናቷ ቁርስ ታቀርብለት፣ ፊት ለፊቱም ትቀመጥ ነበር።

አልባራሲን ሲደርሱ ፀሐዩ ጠንክሯል። ከላይ የጥንቱ ግንብ ራሰ በራውን ኮረብታ ታኮ ይወጣል፤ ከሥሩ ሮዝ ቀለም ያላቸው ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል። ብስክሌታቸውን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እየገፉ ወደ አደባባዩ ወጡ። አደባባዩ በእሁድ ጎብኚዎች ተሞልቷል። ራሚሮ ሳይጠይቃት ለሁለት የበግ ጥብስ አዘዘ።

«ልጄ ናት» አለው አስተናጋጁን። «ዛሬ እኔን ከኋላ ጥላ ነው የመጣችው።»

ይህን ሲል ፊቱ በራ። ውሸቱን እንዳልሆነ፣ እውነትም እንደኮራባት አወቀች። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይህ ኩራቱ ነው።

«ስንጨርስ በመኪና እስከ መቃብሩ አደርስሻለሁ» አላት።

«እስከ በሩ አድርሰኝ። ግባና ራስህ ንገራት።»

«ሌላ ጊዜ።»

«መቼ?»

«ሌላ ጊዜ አልኩሽ እኮ ኤልቪ። ዛሬ እንኳ ቀናችንን አናበላሽ።»

«አትሸውደኝ አባዬ። ይሄ 'በረዶው ሲቀልጥ' እንደምትለኝ ነው።»

ተነስታ ሄልሜቷን አጠለቀች። የበጉ ጥብስ እየጨሰ ሲመጣ እሷ ብስክሌቷን እየገፋች በጠባቡ መንገድ ትወርድ ነበር።

መመለሻው አብዛኛው ዳገት ነው። ከሸለቆው ራስ የሚወርድ ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋታል። ሮዩኤላን ሳትቆም አለፈች። በቀዩ ቋጥኝ መሃል ያለው ገደል አፍ ላይ ስትደርስ አንድ መኪና ከኋላዋ መጥቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። የአባቷ ብስክሌት ጣሪያው ላይ ታስሯል። መስኮቱን አወረደ።

«ግቢ። ዳገቱ ይገድልሻል።»

ፔዳሏን ረገጠች።

«ልጄ፣ አታስቸግሪኝ። ግቢና እናውራ።»

ከኋላው የመጣ ትራክተር ጥሩምባውን ነፋበት። ራሚሮ ወደፊት ሄደ፤ መንገዱ የሚሰፋበት ቦታ ላይ ዞሮ ተመለሰ። አጠገቧ ሲደርስ እጁን ከመስኮቱ አውጥቶ ተሰናበታት። እሷ እጇን ከመሪው አላነሳችም። የሞተሩ ድምፅ በኩርባው ዞሮ ጠፋ፤ መንገዱ እንደገና ጸጥ አለ።

ጭኗ እየነደደ አሰበች። ዝም ብትል እናቷ ወሬውን ከዳቦ አመላላሹ፣ በሰው ፊት ትሰማዋለች። አባቷ እንዳለው ብትነግራት ደግሞ ነገሩ በአክስቷ ላይ አርፎ ይቀራል። ሮሳሊያ በዓመት አንዴ ብትመጣ ነው። አባቷ ግን እንደዛሬው ጠዋት ከኋላዋ እያፏጨ የሚነዳው አባቷ ሆኖ ይቆይላታል። ይህን በጣም ፈለገችው። ዓይኗ ውስጥ የገባውን ላብ በጓንቱ ጀርባ ጠረገች።

ቤት ስትደርስ እናቷ መሰላል ላይ ሆና የመስኮቱን መዝጊያ አረንጓዴ ቀለም ትቀባ ነበር። አንዱ ክንፍ አልቋል፤ ሌላው ገና አሮጌ ቡናማ ነው።

«ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አለች ኑሪያ ከላይ። «አባትሽስ?»

«ሄደ።»

«ምነው ፊትሽ? ተጣላችሁ?»

«እማዬ፣ ውረጂ።»

«ይቺን ጠርዝ ልጨርሳትና።»

«አትጨርሻት።»

ኑሪያ ከልጇ ድምፅ የሆነ ነገር ሰማች መሰል፣ ወረደች። ኤልቪራ ስለ ቫሌንሲያዎቹ ነገረቻት፤ ስለ መስከረም፣ ስለ ሴፌሪኖም ነገረቻት። እናቷ የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ብሩሹ በእጇ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ አላየችውም።

«ሮሳሊያ ናት» አለች በመጨረሻ። «እሷ ናት ይህን የጎነጎነችው። ራሚሮ ብዙ ጥፋት አለበት፤ አልክድም። አንቺን ግን ከቤት አያስወጣም።»

ኤልቪራ ራሷን መነቅነቅ እንኳ አይጠበቅባትም ነበር። እንደቆመች ብትቀር ይበቃል። እናቷ የምታየው የልጇን ፊት ሳይሆን መንገዱን ነበር፤ አንድ ሰው ተመልሶ የሚመጣ ይመስል።

«አክስቴ አይደለችም» አለች። «እሱ ነው። 'የአክስትሽ ሐሳብ ነው በያት' ብሎኝ ነበር።»

ኑሪያ ቀና ብላ አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከደረጃው ተነሳች፤ ጎንበስ ብላ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን ገጠመችና ዙሪያውን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ዘጋችው።

ኤልቪራ መሰላሉን ከግድግዳው አላቀቀችና ወደ ውስጥ አስገባችው።