ከአጥሩ ውጭ የቀረው

«እሱስ?»

«ያነሱት አጥር ውስጥ ያሉትን ነው። በቃ፣ ዝም በይ።»

ጆቬሊን ይህን ስትሰማ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። እሷ የቀርከሃው ወለል ላይ ተኝታ፣ አያቶቿ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት ሥር መረብ እየጠገኑ ሲነጋገሩ ድምፃቸው በስንጥቁ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ከዚያ ከሁለቱ አንዳቸው አለቀሱ። የትኛቸው እንደሆኑ አታስታውስም፤ ለቅሶውን የጨመረባት እንቅልፍም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የባሕሩ ዳር መቃብር ወደ ኮረብታው ተዛውሮ፣ በቦታው የመንደሩ ፍሳሽ ማጣሪያ ሊሠራ ነበር። ወንድ አያቷም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ከዓመታት በኋላ ነገሩን የቀሰቀሰባት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሮኔል ነው። የሙታን ቀን ባለፈ ማግስት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጠራት።

«ስሚ እንጂ ጆቪ፣ ሎላሽ ትናንትም ለሽንት ቤት ውሃ ምሳ አበሉ አሉ። ኩሬው ወፈረ?»

ልጆቹ ሳቁ። ጆቬሊንም አብራ ሳቀች።

ውሸት አልነበረም። በሙታን ቀን ሰው ሁሉ ሻማውን ይዞ ኮረብታውን ሲወጣ፣ አያቷ ሎላ ፓሲንግ ብቻቸውን ወደ ማጣሪያው ይወርዳሉ። በሙዝ ቅጠል የጠቀለሉትን ሩዝ በስተ ባሕሩ ጥግ፣ ሽቦው ሥር አስቀምጠው ይመለሳሉ። በዚያ ጥግ ኩሬው ነፋስ ሳይኖር ይንቦቀቦቃል። እንኳን ሌላው፣ ሰው በአክብሮት «ኖንግ» የሚላቸው የማጣሪያው ሠራተኛ ዶሚንግ በዚያ ሲያልፉ ኮፍያቸውን ያወልቁና «አሳልፉን ወገኖች፤ እኛም እንጀራ ሆኖብን ነው» ይላሉ።

ጆቬሊን ወደ ቤት አልሄደችም። ኖንግ ዶሚንግን ያገኘቻቸው ከኩሬው ላይ ዝቃጭ ሲገፉ ነው። አጠገባቸው ትልቅ የመቆፈሪያ ማሽን ቆሟል።

«ይሄ ምንድነው ኖንግ?»

«ነገ ሁለተኛው ኩሬ ይጀመራል። ይሄኛው ሞልቷል። አምና በዝናቡ ገንፍሎ ስንቱን ሕፃን እንዳሳመመ ረሳሽው? ወንድምሽም አልቀረለትም።»

«የት ነው የሚቆፈረው?»

በአገጫቸው የባሕሩን ጥግ አሳዩዋት።

«እዚያ ድሮ ምን ነበር?»

ኖንግ ዶሚንግ መግፊያውን መሬት ላይ አስደገፉ። «ከመቃብሩ አጥር ውጭ ነበር። ሳይጠመቅ የሞተ ጨቅላ እዚያ ነበር የሚቀበረው፤ ያለ መስቀል፣ ያለ ምልክት። አጥንት ሲነሳ ‹የእኔ አለ› ያለ ሰው አልተገኘም።»

«አሁንስ አንድ ሰው ቢል?»

«ቦታውን ካሳየኝ በእጄ ቆፍሬ አነሳለታለሁ። ካልሆነ ማሽኑ ምን ያውቃል፣ ያርሰዋል።»

ሎላ ፓሲንግ ጓሮ ተቀምጠው የዓሣ ቅርፊት ይፍቃሉ። ጆቬሊን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ሎላ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው የማን ልጅ ነው?»

ቢላው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«እርስዎና አያቴ ስታወሩ ወለሉ ላይ ተኝቼ ነበር።»

ከማጣሪያው በኩል የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «የእናትሽ ታላቅ። ባሕሩ ተቆጥቶ የቄሱ ጀልባ መሻገር አቃታት። እኛ ቄሱን ስንጠብቅ እሱ አለፈ። በጭንቅ ጊዜ ማንም ክርስቲያን ውሃ አፍስሶ ማጥመቅ እንደሚችል የሰማነው ከቀበርነው በኋላ ነው። ውሃው እኮ አጠገቤ ነበር፣ እንስራ ሙሉ።»

«ነገ እዚያ ሊቆፍሩ ነው። ኖንግ ዶሚንግ ‹ቦታውን ካሳዩኝ በእጄ አነሳዋለሁ› ብለዋል።»

«ሰውስ ምን ይላል? ይህን ሁሉ ዘመን ልጇን ቆሻሻ ሥር ትታ ዝም አለች አይልም?»

«ይል ይሆናል። ዛሬ ልጆቹ ሲስቁብዎት እኔም ስቄያለሁ።»

ሎላ ፓሲንግ ቀና ብለው አዩዋት፤ አልተቆጡም። ዓሣውን አገላብጠው ሌላውን ጎን መፋቅ ጀመሩ።

«በጠዋት እንሄዳለን» አሉ። «በባሕሩ ዳር። በዚያ ሰው አይበዛም።»

«በገበያው በኩል እንሂድ ሎላ። እኔ ክንድዎን እይዛለሁ።»

«ጓደኞችሽ ያዩሻል።»

«ይዩኝ።»

አሮጊቷ ቢላውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እሺ» አሉ። «በገበያው በኩል።»